ለልጆቻችን ትምህርት ቤት «የመብራት ውጤት» ቢሰጠው ስንት ያመጣ ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት (ቱሉ ዲምቱ) · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለቱም ልጆቼ የሚማሩት ሰፈራችን ባለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) ውስጥ አስገብተውኛል፤ እንቢ ማለት አቅቶኝ እንጂ ወድጄ አይደለም።

ቅዳሜ ስብሰባ ላይ የመብራት ሂሳብ ተነሣ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል፤ ርእሰ መምህሩም «ከጥገናው ላይ እየቀነስኩ ነው የምከፍለው» አሉን። አንዱ አባት ታዲያ ተነሥቶ «እንግሊዝ አገር ሳለሁ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት መግቢያው ላይ ልክ ፍሪጅ ላይ እንዳለው ወረቀት፣ ሕንፃውን ከኤ እስከ ጂ ደረጃ የሚያወጣ ነገር ተለጥፎ ነበር፤ እኛስ ብናደርገው?» ብሎ አረፈው። ቤቱ በሳቅ አለቀ። አጠገቤ የነበረችው እናት «ልጆቹ ደረጃ ቢያጡ ግድግዳው ይውጣልን» አለች።

እኔን ግን ቤቴ ገብቼም አልለቀቀኝም። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሰላው? በእኛ ትምህርት ቤት ቢሰላስ ትርጉም ይኖረዋል? 12 መማሪያ ክፍል፣ 600 ገደማ ተማሪ፣ አንድ ማብሰያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚሉት አንድ ክፍልና ቢሮዎች አሉን። ወለሉ ሁሉ ተደምሮ 1,400 ካሬ ሜትር ገደማ ነው ብለውኛል። መብራቱ በወር በአማካይ 600 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሽቦ በጥርሱ · ሰኞ ማታ 2፡40

በወር 600 ለ600 ተማሪ? እህቴ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በነፍስ ወከፍ ማለት እኮ ነው። በትምህርት ቀን ብናካፍለው ለአንድ ልጅ 50 ዋት ሰዓት ይደርሰዋል፤ ስልክ ሦስት ጊዜ ቻርጅ ማድረጊያ። እኔ በኤሌክትሪሻንነት ብዙ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ፤ እናንተ ጋ የሚባክነው መብራቱ ሳይሆን የሌለው መብራት ነው።

ሊድስ ያለሁት · ሰኞ ማታ 4፡05

ያ አባት ያየው እውነት ነው። እኔ እዚህ እንግሊዝ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀቱን በየዓመቱ የምለጥፈው እኔው ነኝ።

የመጣው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ካወጣው መመሪያ ነው። በእንግሊዝ ሕዝብ የሚገባባቸው የመንግሥት ሕንፃዎች ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ከሆኑ እንዲለጥፉት የተገደዱት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ነው። በ2013 ወለሉ ወደ 500፣ በ2015 ወደ 250 ካሬ ሜትር ወረደ፤ ትንንሾቹ ትምህርት ቤቶችም ገቡበት። ትልቁ ሕንፃ በየዓመቱ ያድሳል፣ ትንሹ በ10 ዓመት አንዴ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የ12 ወር ቆጣሪ ይነበባል፤ ኤሌክትሪኩም ጋዙም፣ ማንኛውም የሚነድ ነገር ይደመራል። ለወለሉ ስፋት ይካፈላል። የዓመቱ ብርድና ሕንፃው ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ይታሰብለታል። ከዚያ «እንዲህ ያለ ሕንፃ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ይበላል» ከሚለው ልክ ጋር ይነጻጸራል፤ ያ ልክ 100 ተብሎ ተቆርጧል። እስከ 25 ያገኘ ኤ፣ ከ76 እስከ 100 ዲ፣ ከ150 በላይ ጂ ነው። የእኛው ትምህርት ቤት ዲ ነው፣ አልዋሽም።

ለትምህርት ቤት የተያዘው ልክ በዓመት በካሬ ሜትር 40 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና 150 የማሞቂያ ነዳጅ ነው። አብዛኛው ብርድ መከላከያ መሆኑን ልብ በሉ።

መምህር ዘፊዚክስ · ሰኞ ማታ 4፡30

እንግዲህ በጣቴ ላስላው። 600 በ12 ሲባዛ 7,200፤ ለ1,400 ሲካፈል በዓመት በካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት። የእንግሊዙ 190 ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ኤ በከፍተኛ ማዕረግ!

ቀልዱን ትቼ፦ ጾሙን የዋለ ሰው «ትንሽ በላ» ተብሎ አይመሰገንም። እኔ የማስተምረው በሰንዳፋ በኩል ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ቴርሞሜትር ክፍሌ ውስጥ ሰቅዬ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ 11 ዲግሪ፤ ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ነው የሚያዳምጡኝ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያው ክፍል 29 ዲግሪ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ደግሞ 60 ልጅ አለበት፤ አንድ ልጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ 70 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል፤ ሲደመር ከ4 ኪሎዋት በላይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክፍሉ መሐል ጥዳችሁ እንደማለት።

ይህ ክፍል ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ስለሌለው ቆጣሪው ላይ ችግሩ አይታይም። ወረቀቱ ኤ ይላል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል።

እውነቱን እንነጋገር · ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። ዴስክ በሌለበት፣ መጽሐፍ ለሦስት በሚያነቡበት ትምህርት ቤት የሕንፃ ደረጃ? ነገ ደግሞ ይህን የሚሰጥ አማካሪ ይቀጠርና ለሪፖርቱ የሚወጣው ገንዘብ አምፖሉን ሁሉ ይቀይር ነበር።

የሁለት ልጆች እናት · ማክሰኞ ቀን 6፡20

ወንድሜ፣ አማካሪ የሚቀጠርበት ገንዘብ የለንም፣ አትስጋ። እኔ የጠየቅሁት በእስክሪፕቶና በወረቀት የሚሠራ ከሆነ ነው። ዴስኩንም ጠይቀናል፤ እሱን ስንጠብቅ ቆጣሪ ማንበብ ማን ከለከለን?

ኤልኢዲ በጅምላ · ማክሰኞ ቀን 7፡02

ጥራት ያለው ኤልኢዲ ከነዋስትናው፣ ለትምህርት ቤት ልዩ ቅናሽ፣ በውስጥ መስመር…

የመድረኩ ኃላፊ · ማክሰኞ ቀን 7፡10

ወንድም፣ ገበያው ሌላ ክፍል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ሽቦ በጥርሱ · ማክሰኞ ቀን 7፡45

ሰውየው ተባረረ እንጂ ነገሩ ውሸት አይደለም። የድሮው ረጅሙ ፍሎረሰንት 36 ዋት ይባላል፤ ባላስቱ የሚበላውን ስትጨምሩበት 45 ይጠጋል። በእሱ ቦታ የሚገባው ኤልኢዲ 18 ነው። 12 ክፍል በአራት በአራት 48 አምፖል፤ በቀን 3 ሰዓት ቢበራ በወር 78 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፦ ከ48ቱ ግማሹ ተቃጥሎ የተሰቀለ ነው። ስንቀይረው ሂሳቡ ብዙም አይወርድም፣ ልጁ ግን ሰሌዳውን ያያል። ይህን የትኛው ፊደል ይቆጥርልኛል?

የምገባ ወጥ ቤት · ማክሰኞ ማታ 3፡30

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እንደናንተው ዳር ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ለልጆች ቁርስና ምሳ የማበስል ነኝ። ከላይ ጀምሮ አስነብቤ ሰማሁት፤ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ትላላችሁ።

እንጨቱንስ ቆጠራችሁት?

የእኛም ልጆች 600 ናቸው። 30 ኩንታል የጫነ አይሱዙ መጥቶ ያራግፋል፤ 20 የትምህርት ቀን ካደረሰን እግዜር ይመስገን ነው። እርጥብ ከሆነማ አያደርስም፤ ጭሱም ዓይናችንን ይጨርሰዋል።

መምህር ዘፊዚክስ · ማክሰኞ ማታ 3፡55

እማማ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ትናንት በጣቴ ሳሰላ እጄን ያሳፈሩኝ እርስዎ ነዎት።

30 ኩንታል 3,000 ኪሎ ነው፤ ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 150 ኪሎ። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይዟል። ስለዚህ በቀን 600 ኪሎዋት ሰዓት።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ መለስ ብላችሁ እዩት። 600 የወር መብራቷ ነው። የአንድ ቀን እንጨት የአንድ ወር መብራት!

የእናት ትምህርት ቤትም እንደ እማማ የሚያነድ ከሆነ፣ 200 የትምህርት ቀን ብንይዝ በዓመት 120,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በካሬ ሜትር 86። ከመብራቱ 5 ጋር 91። ለካ ስንከራከር የነበረው ስለ ጭራው ነው፤ በሬው ወጥ ቤት ነው ያለው።

ሊድስ ያለሁት · ማክሰኞ ማታ 5፡20

እኔ ራሴ «ማንኛውም የሚነድ ነገር ይደመራል» ብዬ ጽፌ እንጨት አልጠየቅሁም። ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው ከወጣሁ፣ የእናቴ ጓዳ ጭስ ተረስቶኝ ይሆናል።

እውነቱን እንነጋገር · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

እሺ፣ ይሄኛው ገብቶኛል። ታዲያ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይሩዋ። ግድቡም አልቋል፣ ኃይሉም አለ ይባላል።

ሽቦ በጥርሱ · ረቡዕ ጠዋት 2፡50

በአፍ ይቀላል። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይጠጋል። አምስት ምጣድ ብትጥድ 17.5። የወጡን ምድጃ ስትጨምርበት ያለችው ነጠላ መስመር አትችለውም፤ ሦስት ፌዝ ያስፈልጋል፤ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ቦታ መኖሩም መታየት አለበት። ዳር ላይ ያለን ሰዎች ደግሞ መብራት 4 ሰዓት ላይ ሄዶ 9 ሰዓት እንደሚመጣ እናውቃለን። ሂሳብ የሚማር ልጅ መብራት ቢጠፋበት ይማራል፤ ምሳው ላይ ቢጠፋ ግን ማን ሊመልስለት ነው?

የምገባ ወጥ ቤት · ረቡዕ ማታ 2፡10

እናቴ እንዲህ ብላለች፦ ለእንጀራው ምርጥ ምድጃ ከተተከለልን ወዲህ እንጨቱ ግማሽ ሆኗል፤ ያ አይሱዙ 20 ቀን ያደረሰው ለዚህ ነው፣ ድሮ ሁለት ሳምንት አያደርስም ነበር። የወጡ ድስት ግን አሁንም ሦስት ጉልቻ ላይ ነው። ድስቱ የሚያህል፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ጠይቀን እየጠበቅን ነው።

ዘጠኝ ዲግሪ ሰሜን · ረቡዕ ማታ 4፡00

አርክቴክት ነኝ፤ ዘግይቼ ደረስኩ። ሁለት ነገር ልበል፤ ምናልባት ሦስት ይሆናል።

የሊድሱ ወንድም የገለጸው ሕንፃው በተግባር የበላውን የሚቆጥር ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ማንም ይግባበት ማን፣ ሕንፃው ራሱ እንዴት እንደተሠራ የሚመዝን። እዚያው እንግሊዝ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ የሚጠየቀው እንደሱ ነው። በታዳጊ አገሮች ደግሞ ከዓለም ባንክ ቤተሰብ አይኤፍሲ ያወጣው ኤጅ የሚባል መስፈርት አለ፤ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃው በኩል፣ በሦስቱም ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ለእኛ የሚሻለን ይህ ሁለተኛው ዘር ይመስለኛል፤ የተራበን ሕንፃ አያሞግስም።

መምህሩ ያነሡት 11 እና 29 ዲግሪ የቆርቆሮው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በታኅሣሥ በጣም ወደ ደቡብ ዘንበል አለች ስትባል እንኳ የቀትር ከፍታዋ 58 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ዋናው ግድግዳ ጣሪያው ነው! አውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ስለ ድርብ መስታወት ያወራል፤ እኛ ጋ ከዚያ በፊት ኮርኒስ ነው፣ ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል ደግሞ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ።

ሌላው አቀማመጥ ነው። የመማሪያ ክፍል ረጅሙ ጎን፣ መስኮት የበዛበት፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማየት አለበት፤ የጣሪያው ክፈፍ ብቻ ፀሐዩን ይመልሰዋል። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከዞረ ግን ጠዋትና ከሰዓት ዝቅ ብላ የምትገባዋን ፀሐይ ክፈፍ አይመልሳትም። አንድ ዓይነት ፕላን ይታተምና ቦታው እንደፈቀደ እየተዞረ ይሠራል፤ ልጁ ሰሌዳው ላይ የሚያየው ነጸብራቅ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ መስኮቱ በካርቶን ይሸፈናል፤ ከዚያ አምፖል ይበራል። ያለ አንድ ሳንቲም፣ ወረቀት ላይ በማዞር ብቻ የሚስተካከል ነበር። (የመስታወት ሕንፃ ስለሚሠሩት የግል ትምህርት ቤቶች እንዳልጀምር፤ ምሽቱ አይበቃኝም።)

ዲሲ ታክሲ · ረቡዕ ማታ 6፡30

እዚህ አሜሪካ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው፣ ከ1 እስከ 100። ትምህርት ቤቱ ከመሰሎቹ ጋር ይወዳደራል፤ 50 መካከለኛ፣ 75 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ኢነርጂ ስታር የሚባለውን ምስክር ወረቀት መጠየቅ ይችላል። እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ከሊድስ ጋር ሳይሆን ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር መወዳደር ነው።

መምህር ዘፊዚክስ · ሐሙስ ቀን 6፡15

ዲሲ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ከኃይሉ ጎን ብርሃኑ ይለካ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የአውሮፓ የመብራት መስፈርት መማሪያ ክፍል 300 ሉክስ፣ ሰሌዳው 500 ይጠበቅበት ነበር። ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያ አለ፤ ፍጹም ባይሆንም ከዓይን ግምት ይሻላል። ብርሃኑ ሳይለካ ማንም «ቆጠብኩ» እንዳይለኝ።

ሊድስ ያለሁት · ሐሙስ ማታ 4፡40

እህቴ፣ ከደረጃውም ከፊደሉም በፊት አንዲት የጥገና ሠራተኛ ዘዴ ልስጥሽ። ዓርብ ሁሉም ከወጣ በኋላ ቆጣሪውን አንብቢ። ሰኞ ማንም ሳይገባ ደግመሽ አንብቢ። በባዶ ግቢ የተቆጠረው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ከሚለጠፈው ወረቀት ይልቅ ገንዘብ ያተረፈልን ይቺ ናት።

የሁለት ልጆች እናት · ከ11 ቀን በኋላ፣ ሰኞ ቀን 7፡30

ጠፋሁ አይደል? ሥራ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ ብርሃኑን። ከልጄ መምህር ጋር በስልክ ለካን፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። መስኮት ሥር 900 ሉክስ፣ መሐል 210፣ የኋላው ጥግ 65። ልጄ የምትቀመጠው የኋላው ጥግ ነው። በዚያ በኩል የተሰበሩት ሁለት መስታወቶች በቆርቆሮ ተደፍነዋል፤ ግድግዳው ደግሞ እስከ ወገብ ጥቁር አረንጓዴ ዘይት ቀለም። አምፖል ሳንገዛ መስታወቱን መለስን፣ ግድግዳውን ከወላጆች በተዋጣ ቀለም ነጭ አደረግነው። ጥጉ 140 ሆነ። 300 አልደረሰም፤ ግን ልጄ መቀመጫዋን ሳትቀይር ሰሌዳውን አነበበችልኝ።

እንጨቱን ጠየቅሁ። ወጥ ቤቶቹ ሳቁብኝ፤ ሲመጣ በመኪና እንጂ በኪሎ ማን ይቆጥረዋል አሉ። አሁን አንድ ደብተር ሰጥተናቸው የመጣበትን ቀንና ያለቀበትን ቀን ይጽፋሉ። እማማ፣ ያቺ ጥያቄዎ ናት።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ዓርብ 11 ሰዓት አነበብኩ፤ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ደገምኩት። በ62 ሰዓት፣ ማንም በሌለበት፣ 32 ኪሎዋት ሰዓት!

የግቢው አራት መብራቶች ባለ 40 ዋት ናቸው፤ በሦስት ሌሊት 6 ገደማ ይሆናሉ። የጥበቃው ሻይ ማፍያ ምናልባት 3። የቀረው 23 የት ገባ ብለን ኤሌክትሪሻን አስመጣን (ከዚህ መድረክ ነው፣ ሽቦ በጥርሱን አመስግኑልኝ፣ የታክሲ ብቻ ነው የተቀበለው)።

ሽቦ በጥርሱ · ሰኞ ቀን 7፡50

እኔ ልጨርሰው። የውሃ ፓምፕ ናት። ከታችኛው ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ የምትገፋ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፣ 370 ዋት። ሮቶው ሲሞላ የሚያጠፋት ተንሳፋፊ ተሰብሯል። ስለዚህ ትገፋለች፣ ሮቶው ይሞላል፣ የተረፈው በመፍሰሻ ቱቦ ተመልሶ እታችኛው ታንከር ይገባል፣ ያንኑ ውሃ ደግማ ትገፋለች። ሌት ተቀን። 62 ሰዓት በ370 ዋት አስሉት፤ ቁጭ 23። በወር ሲታሰብ ከ600ው ከ200 በላዩ ይህ ነበር። የ«ኤ» ተማሪያችን ሲሶ ምሳውን እየደፋ ነው የኖረው።

መምህር ዘፊዚክስ · ሰኞ ቀን 8፡05

ከስንት ጊዜ ጀምሮ?

የሁለት ልጆች እናት · ሰኞ ማታ 1፡40

ማንም አያውቅም። መፍሰሻ ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥብ ስለነበር ከቢሮው ጀርባ በዚህ በጋ ሣሩ ለምለም ነው። ሁላችንም «ቦታው ተባርኮ ነው» እያልን እናልፍ ነበር። ተንሳፋፊው ከተቀየረ በኋላ ያለፈው ቅዳሜና እሑድ 9 ብቻ ቆጠረ።

ወረቀቱን የስምንተኛ ክፍል ልጆች በካርቶን ሠርተውታል፣ በሦስት መስመር፦ መብራት፣ እንጨት፣ ብርሃን። ፊደል ግን አልሰጠነውም፤ ያለፈው ወርና የዚህ ወር ቁጥር ጎን ለጎን ብቻ። ርእሰ መምህሩ ፊደሉን የፈሩት ወረዳ ለሱፐርቪዥን ሲመጣ ዝቅተኛ ፊደል አይቶ ምን ይለኛል ብለው ነው፤ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል።

እውነቱን እንነጋገር · ሰኞ ማታ 2፡00

እኔም ሰፈሬ ላለው ትምህርት ቤት ዓርብ ቆጣሪ ላነብ ነው። ማንም እንዳይስቅ።

ሊድስ ያለሁት · ሰኞ ማታ 4፡15

ጥበቃው ምን አሉ? የሻይ ማፍያቸውን ነካችሁባቸው እንዴ?

የሁለት ልጆች እናት · ሰኞ ማታ 4፡30

ማፍያውን ማን ይነካል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። እሳቸው የተቀየሙት በሣሩ ነው። ለፋሲካ የሚያደልቧት በግ ነበረቻቸው፤ አሁን ሣሩ ቢጫ እየሆነ ነው፣ «መብራት ቆጠባችሁ፣ በጌን አከሳችሁ» ይሉኛል ባለፍኩ ቁጥር።